ከሕዝብ ቁጥር ለውጥ ተነስቶ የአገልግሎት ሥራ ዕድገትን መገመት፦ ለሰሜን ሸዋ ከተሞች የአሠራር መመሪያ

«ከተማችን በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ተጨማሪ የአገልግሎት ሥራ ይኖራታል?» ይህን ጥያቄ ከከተማ አስተዳደር የዕቅድ ባለሙያዎች፣ ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከያዙ ተማሪዎች፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ሊከፍቱ ካሰቡ ወጣቶች ደጋግሜ እሰማለሁ። አብዛኞቹ የሚሠሩበት መንገድ አንድ ነው። የሕዝቡን ዕድገት በመቶኛ ያወጣሉ፣ ዛሬ ያለውን ሥራ በዚያው መቶኛ ያሳድጋሉ፣ አለቀ። ውጤቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእውነቱ ይበልጣል። ፀጉር ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መንገድ ዳር ያለው ምግብ ቤትም የሚያድጉት በተለያየ ምክንያት ስለሆነ በአንድ ቁጥር ሊመሩ አይችሉም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እያንዳንዱን በራሱ ምክንያት የሚገምት ነው። ለአንድ የወረዳ ከተማ ሁለት ሰው በጥቂት ሳምንታት ሊጨርሰው ይችላል።

ምን ያስፈልጋችኋል

– የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሠንጠረዦች፣ የከተማችሁና የዙሪያ ወረዳው
– ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ ያወጣቸው የወረዳ ሕዝብ ትንበያዎች
– የቀበሌ ነዋሪዎች መዝገብ ድምር (የሰው ስም አያስፈልግም)
– ከንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያወጡና ፈቃድ የመለሱ ነጋዴዎች ዝርዝር በየዓመቱ
– ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የተማሪ ምዝገባ፣ በተለይ የ1ኛ ክፍል
– የመብራትና የውሃ ደንበኞች ቁጥር በየዓመቱ
– ከከተማ አስተዳደሩ የድጋፍ ደብዳቤ
– ደብተር፣ ካልኩሌተር፣ ከተቻለ ኤክሴል ያለበት ኮምፒውተር

ደብዳቤውን አትናቁት። ደብተር ይዞ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ግብር ነው። ነጋዴው ይህን ከጠረጠረ ሦስት ሠራተኛ እያለው «ብቻዬን ነኝ» ይላችኋል። ደብዳቤውን አሳዩ፣ ስም እንደማትጽፉ ንገሩ፣ እውነትም አትጻፉ።

ደረጃ 1፦ ወሰኑንና የዘመን አቆጣጠሩን ወስኑ

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል (መቀመጫው ደብረ ብርሃን)፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል (መቀመጫው ፍቼ)። በአገር አቀፍ ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚገኙ ቁጥሩን ከመገልበጣችሁ በፊት የክልሉን ስም አረጋግጡ። ይህ መመሪያ የአማራ ክልሉን ይዟል።

ቀጥሎ የከተማውን ወሰን ያዙ። ከተማ ሲሰፋ የዙሪያው ገጠር ቀበሌዎች ወደ ውስጥ ይገባሉ። ያን ጊዜ የሕዝቡ ቁጥር በአንድ ዓመት ይዘላል፤ ማንም ግን ከቤቱ አልተንቀሳቀሰም፣ አዲስ ደንበኛም አልመጣም። ስለዚህ የድሮውንም የአሁኑንም ቁጥር በአንድ ዓይነት ወሰን አስሉ፤ በኋላ የተጨመሩትን ቀበሌዎች ለድሮው ዓመትም ጨምሩላቸው።

ሁሉንም ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ። የ1999 ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት ሲሆን በፈረንጆቹ 2007 ነው። አንዱን ሠንጠረዥ በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከያዛችሁ በመካከሉ ያለው ጊዜ በሰባትና በስምንት ዓመት ይዛባል፤ የዕድገት መጠኑም አብሮ ይበላሻል።

ደረጃ 2፦ የሕዝቡን ዕድገት አስሉ

ቀመሩ ቀላል ነው። የኋለኛውን ቁጥር ለፊተኛው አካፍሉ፣ የውጤቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ውሰዱ (በካልኩሌተር ላይ «ኤል-ኤን» የሚለው ቁልፍ ነው)፣ ከዚያ በመካከሉ ላለው ዓመት አካፍሉ።

ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። በ1987 ቆጠራ 38,717፣ በ1999 ቆጠራ 65,231 ነዋሪ ነበራት። የመጀመሪያው ቆጠራ በጥቅምት፣ ሁለተኛው በግንቦት ስለተካሄደ ርቀቱ 12 ዓመት ሳይሆን 12.6 ዓመት ገደማ ነው። ዕድገቱ በዓመት 4.1 በመቶ ይመጣል። የዞኑ አጠቃላይ ሕዝብ በዚያው ጊዜ ከ1,560,916 ወደ 1,837,490 አደገ፤ ይህ በዓመት 1.3 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱን አስተውሉ። ለከተማ ግምት የዞኑን ዕድገት የሚወስድ ሰው ሥራውን ገና ሲጀምር ከሦስት እጅ ሁለቱን ጥሎታል። ለገጠሩ ወረዳ የከተማውን የሚወስድ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል።

ከ1999 ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተደረገም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የምታገኙት የሕዝብ ቁጥር ሁሉ፣ የመንግሥት ማኅተም ቢኖረውም፣ ግምት ነው። ግምቱን የምትፈትሹት በአካባቢያችሁ ምልክቶች ነው፤ የ1ኛ ክፍል አዲስ ተማሪ፣ የመብራት ደንበኛ፣ የውሃ ቆጣሪ። ሦስቱም በዓመት 5 በመቶ እያደጉ ትንበያው 3 ካለ ትንበያውን ተጠራጠሩ። አንዱ ብቻ ከዘለለ ግን ምክንያቱን ጠይቁ፤ አዲስ የመብራት መስመር ስለተዘረጋ ደንበኛ ሊበዛ ይችላል፣ ሕዝብ ሳይጨምር።

ማስጠንቀቂያ፦ አካሄዱ የተሰበረበትን ጊዜ እንደ ቀጥተኛ መስመር አትያዙት። አጣዬ በ2013 ከደረሰባት ቃጠሎ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር የአንድ ከተማ አካሄድ ተደርጎ ሊሰላ አይችልም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰበት ጊዜ ከቤታቸው የወጡ ሰዎችም በዓመቱ ቁጥር ላይ ጥላ ይጥላሉ። እንዲህ ያለውን ዘመን ለይታችሁ ከዚያ በፊት ያለውን ዕድገት ለብቻ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለብቻ አስሉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግሞ በመጠለያ ያሉ ተፈናቃይ ወገኖቻችንን ከነዋሪው ጋር አትደምሩ፣ አትተዉአቸውም፤ በራሳቸው መስመር ጻፏቸው። ብዙዎቹ በእርዳታ ስለሚኖሩ የሚገዙት አገልግሎት ይለያል። በሌላ በኩል ጉሊትና የቀን ሥራ ስለሚሠሩ በሥራው ቆጠራ ላይ ይገኛሉ።

ደረጃ 3፦ ደንበኛው ማን እንደሆነ እወቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። በ1999 ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ከተሜው 11.66 በመቶ ብቻ ነበር። መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ እነዋሪ፣ ደነባ፣ አረርቲ የሚነግዱት ለነዋሪዎቻቸው ብቻ አይደለም፤ በገበያ ቀን ከየቀበሌው ለሚወርደው ገበሬም ነው። የሚንጃር ገበሬ ጤፉን ሲሸጥ አረርቲ ላይ ልብስ ሰፊው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ቆርቆሮ ሻጩ ሥራ ያገኛል። የከተማውን ሕዝብ ብቻ ይዞ «በ1,000 ሰው ይህን ያህል ሥራ አለ» የሚል ሰው የገበሬውን ገንዘብ ለከተሜው ቆጥሮታል። ከተማው 4 በመቶ ሲያድግ ገጠሩ በጣም በዝግታ ስለሚያድግ ግምቱ ያብጣል።

ስለዚህ የገጠሩን ሰው በሚያወጣው ገንዘብ መጠን መዝኑት። በገበያ ቀን መውጫ በር ላይ ቆማችሁ ከተለያየ ቀበሌ የመጡ 60 ያህል ሰዎችን ባለፈው ወር ከተማ ውስጥ ለአገልግሎት ምን ያህል እንዳወጡ ጠይቁ። 60 ያህል የከተማ ቤተሰቦችንም እንደዚሁ። ሁለቱንም ለቤተሰቡ አባላት ቁጥር አካፍሉ። የገጠሩ ሰው የከተሜውን አንድ አሥረኛ የሚያወጣ ከሆነ 10 የገጠር ሰው እንደ 1 ከተሜ ደንበኛ ይቆጠራል።

የምትጠይቁበት ወር ዋጋ አለው። በታኅሣሥና በጥር አዝመራ ተወቅቶ ገንዘብ እጅ ላይ ይገኛል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይጎድላል። ከሁለቱም ወቅት አንድ አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አማካዩን ያዙ።

ደረጃ 4፦ ያለውን ሥራ በእግር ቆጥሩ

የንግድ ፈቃድ ዝርዝር መነሻ እንጂ መልስ አይደለም። ጀበና ቡና፣ ጉሊት፣ ሊስትሮ፣ አረቄና ጠላ የሚሸጥበት ቤት፣ የባጃጅ ረዳት፣ ጫኝና አውራጅ አብዛኛው እዚያ ውስጥ የለም። ከተማውን በመንገድ ከፋፍሉ፣ በየመንገዱ ሂዱ፣ በየቤቱ ሦስት ነገር ጠይቁ።

ሀ) ዛሬ ስንት ሰው እዚህ ይሠራል? ደመወዝ የሌላቸው ልጆችና ዘመዶች ካሉ ጨምሩ፣ ግን ምልክት አድርጉባቸው።
ለ) ይህ ቤት መቼ ተከፈተ?
ሐ) ከእናንተ በፊት እዚህ ቤት ምን ነበር?

ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዛሬ ክፍት ያሉትን ብቻ ከቆጠራችሁ ሁሉም ነገር እየተከፈተ ያደገ ይመስላችኋል፤ የተዘጉት አይናገሩማ። አከራዩና ጎረቤቱ ግን ያስታውሳሉ። ከንግድ ጽሕፈት ቤት ያገኛችሁትን ፈቃድ የመለሱ ሰዎች ዝርዝርም ከዚህ ጋር አስተያዩ። በእነዚህ ሁለቱ ከሦስትና ከስድስት ዓመት በፊት የነበረውን የሥራ ቁጥር በግምት መልሳችሁ ታገኛላችሁ፤ ለደረጃ 6 እና ለደረጃ 8 የግድ ያስፈልጋችኋል።

ጠዋት ቡና፣ ማታ አረቄ የምትሸጥ እናት አንድ ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ጊዜ አትቆጠርም። በሳምንት የምትሠራበትን ሰዓት ጻፉላት፤ በኋላ ሙሉና ከፊል ሥራን ለመለየት ይጠቅማችኋል።

የምትቆጥሩበት ቀን፦ አንድ ጊዜ በገበያ ቀን፣ አንድ ጊዜ በአዘቦት ቀን። ዐቢይ ጾም ውስጥ ብቻ አትቁጠሩ፤ ሥጋ ቤቱ ዘግቶ፣ ምግብ ቤቱ ሠራተኛ ቀንሶ ታገኙታላችሁ። ፋሲካ ማግስት ብቻም አትቁጠሩ። ሙስሊም ነዋሪ በሚበዛባቸው የቆላ ከተሞች ረመዳንንም እንደዚሁ አስቡበት።

ደረጃ 5፦ ሥራዎቹን በአራት ክፍል መድቡ

የመጀመሪያው ክፍል ነዋሪን የሚከተል ነው፤ ሱቅ፣ ጉሊት፣ ወፍጮ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ የከተማ ውስጥ ባጃጅ፣ የሞባይል ጥገና። ሰው ሲበዛ ይበዛል፣ ግን በዝግታ፤ ያለው ባለሱቅ መጀመሪያ ራሱ ብዙ ይሸጣል፣ ሠራተኛ የሚጨምረው በኋላ ነው።

ሁለተኛው መለኪያን የሚከተል ነው፤ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም። እዚህ የሚወስነው የሕዝቡ ድምር ሳይሆን ዕድሜውና የመንግሥት መለኪያው ነው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ፣ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000፣ የከተማ ጤና ጣቢያ 40,000 ለሚሆን ሕዝብ ይታሰባል። ሥራው እየተንጠባጠበ ሳይሆን መለኪያው ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ያውም በጀት ከተገኘ።

ሦስተኛው ደመወዝን የሚከተል ነው፤ ካፌ፣ ቁርስ ቤት፣ የኪራይ ክፍል፣ ላውንደሪ። ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ቦታ (ደብረ ብርሃን ሦስቱም አሏት) ይህ ክፍል ከሕዝቡ ቁጥር ተለይቶ ይሄዳል። ፋብሪካ ሲቀንስ ሕዝቡ ሳይቀንስ ይህ ክፍል ይቀንሳል።

አራተኛው መንገደኛን የሚከተል ነው። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ይዘው የሚሮጡት ልጆች የሚተዳደሩት በከተማው ሕዝብ ሳይሆን በደሴ መንገድ ተሽከርካሪ ነው። ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደውን ምእመን የሚያሳድሩና የሚያበሉም እንዲሁ። ይህን ክፍል ከሕዝብ ግምት ፈጽማችሁ አውጡት፤ የሚቆሙ ተሽከርካሪዎችን በመቁጠር ለብቻ ያዙት። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ደረጃ 6፦ አስሉ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የመለማመጃ ናቸው፤ የየትኛውም ከተማ እውነተኛ ቁጥር አይደሉም።

20,000 ነዋሪ ያለውና በዓመት 4 በመቶ የሚያድግ ከተማ አለን። በዙሪያው 60,000 የገጠር ሰው ይገበያይበታል፤ ገጠሩ 1.3 በመቶ ያድጋል። በደረጃ 3 ባገኘነው ሚዛን 60,000 ገበሬ እንደ 6,000 ከተሜ ደንበኛ ይቆጠራል። ቁጥሩን ወደፊት ለመውሰድ የደረጃ 2ን ቀመር ገልብጡት፦ ዕድገቱን (4 በመቶ ማለት 0.04) በዓመቱ ብዛት አባዙ፣ በካልኩሌተሩ የ«ኤል-ኤን» ተቃራኒ የሆነውን «ኢ-ኤክስ» ቁልፍ ተጫኑ፣ ውጤቱን በዛሬው ቁጥር አባዙ፤ ወደ ኋላ ለመሄድ በውጤቱ አካፍሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት፦ 17,740 እና 5,770፣ ድምር 23,510 ደንበኛ
ዛሬ፦ 20,000 እና 6,000፣ ድምር 26,000
ከአምስት ዓመት በኋላ፦ 24,430 እና 6,400፣ ድምር 30,830

የመጀመሪያው ክፍል ሥራ ከሦስት ዓመት በፊት 830 ነበር፣ ዛሬ 900 ነው። ለተጨመሩት 2,490 ደንበኞች 70 ሥራ መጥቷል፤ ይህም ለ1,000 አዲስ ደንበኛ 28 ያህል ሥራ ነው። አማካዩን (900 ለ26,000፣ ማለትም 35 ገደማ) አትውሰዱ። አማካዩ የሚነግራችሁ የቆየው ሕዝብ ለዘመናት ያቆመውን ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ምን ያህል ሥራ እንደሚያመጣ የሚነግራችሁ የጭማሪው ድርሻ ነው። በአምስት ዓመት የሚጨመረው 4,830 ደንበኛ ስለሆነ 136 ያህል አዲስ ሥራ ይመጣል። በተለመደው መንገድ፣ 900ን በከተማው ዕድገት 22 በመቶ ብናሳድግ ኖሮ 199 እንል ነበር።

ሁለተኛው ክፍል፦ ከሚጨመሩት 4,430 ነዋሪዎች 18 በመቶው ከ7 እስከ 14 ዓመት ከሆኑ 800 ያህል ተማሪ ነው። ለ50 ተማሪ አንድ መምህር ብትይዙ 16 መምህር። ሕዝቡ 40,000 ስላልደረሰ አዲስ የከተማ ጤና ጣቢያ አትጻፉ።

ሦስተኛው ክፍል፦ 300 ሠራተኛ የሚቀጥር ፋብሪካ ሊከፈት ነው እንበል። ስንቶቹ እዚሁ ከተማ ያድራሉ? 200 ከሆኑና እያንዳንዳቸው በዚህ ክፍል አገልግሎቶች ላይ በወር 2,500 ብር ካወጡ 500,000 ብር ነው። የከተማው ምግብ ቤቶችና ካፌዎች በአንድ ሠራተኛ በወር 25,000 ብር የሚሸጡ ከሆነ 20 ሥራ ይሆናል። ሁለቱን ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ ሰብስቡ፤ ብሩ በሚወርድበት ጊዜ የአምናን ወጪ ለዘንድሮ ሽያጭ ማካፈል ከንቱ ልፋት ነው። እነዚህ ሠራተኞች ሱቅ የሚገዙት ግን በመጀመሪያው ክፍል ስለተቆጠረ እዚህ አትድገሙት።

ድምሩ 172 ነው፤ የመንገደኛው ክፍል ለብቻው ይያዛል።

አንድ ማስተካከያ አለ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጫጫ ደግሞ ከዚያም ትቀርባለች። ገቢው የተሻለ ሰው ልብሱን፣ ስልኩን፣ ሕክምናውን አዲስ አበባ ሄዶ ይገዛል። ቤተሰቦችን ስትጠይቁ «ባለፈው ጊዜ ጫማ የገዛችሁት የት ነው?» በሉ። ወደ ውጭ የሚሄደው ድርሻ እያደገ ከሆነ የልብስና የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችን ግምት ቀንሱ። እንጀራ፣ ፀጉርና ወፍጮ ግን አዲስ አበባ አይኬድባቸውም።

ደረጃ 7፦ የግምቱን ስፋት (ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ) እና ጊዜውን አስቀምጡ

አንድ ቁጥር ብቻ አታቅርቡ። በምሳሌያችን የከተማው ዕድገት 4 ሳይሆን 3 በመቶ ቢሆን የመጀመሪያው ክፍል ከ136 ወደ 102 ይወርዳል፤ 5 ቢሆን ወደ 171 ይወጣል። ይህን ያህል ስፋት ያለው ነገር ላይ «136 ሥራ ይፈጠራል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ አመራሩን ማሳሳት ነው። ሦስቱንም ጻፉ፣ ከየትኛው ምልክት ጋር እንደሚሄዱም ግለጹ፦ «የ1ኛ ክፍል ምዝገባ ለሁለት ዓመት ከ3 በመቶ በታች ካደገ ዝቅተኛውን ያዙ»።

ጊዜውም አንድ አይደለም። ጉሊትና ሻይ ቤት ሰው በመጣ በወሩ ይከፈታሉ። ፀጉር ቤትና ጥገና ይከተላሉ። የባንክ ቅርንጫፍ ዓመታት ይወስዳል። መምህርና ነርስ ደግሞ ሐምሌ 1 የሚጀምረውን በጀት ይጠብቃሉ፤ በመስከረም የመጣ ተማሪ መምህሩን በሚቀጥለው ዓመት ሊያገኝ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ወደ ኋላ ፈትሹ

ዛሬን እንደማታውቁ ሁኑና ከስድስት ዓመት በፊት እስከ ሦስት ዓመት በፊት ባለው መረጃ ብቻ የዛሬን ሥራ ገምቱ። ከቆጠራችሁት ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ በደረጃ 3 ሚዛን ወይም ሥራዎቹን በተሳሳተ ክፍል በመመደብ ነው፤ ቀመሩን ከመቀየራችሁ በፊት እነዚያን ተመልከቱ።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

ቀበሌ መዝገብን እንደ ቆጠራ መውሰድ። ሄዶ የቀረ ሰው ከመዝገብ አይሰረዝም፣ ተከራይም ብዙ ጊዜ አይመዘገብም፤ ሁለቱ ይካካሳሉ ብላችሁ አትተማመኑ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪን በነዋሪ ላይ መደመር። ግቢ ውስጥ የሚበላና የሚያድር ተማሪ የመጀመሪያው ክፍል ደንበኛ በጥቂቱ ነው፣ ክረምትም ይሄዳል። ፎቶ ኮፒ ቤትና ካፌ ላይ ግን ይታያል።

የሥራ ስምሪት ዳሰሳን ዕድሜ ሳያዩ መጠቀም። በአገራችን የከተማ ሥራ ስምሪት ዳሰሳዎች ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት ጀምሮ ይቆጥራሉ። ከ15 ዓመት ጀምሮ ከቆጠራችሁት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም።

አዲስ ሥራን ከሥራ አጥ ቁጥር ላይ መቀነስ። ከተማው ሥራ ሲያገኝ ከገጠር አዲስ ሥራ ፈላጊ ይመጣል፤ 172 ሥራ 172 ሥራ አጥ አይቀንስም።

የከተማ ድምርን ለአንድ ሱቅ ውሳኔ መጠቀም። ግምቱ «በከተማው ፀጉር ቤት ይጨምራል» ቢልም የእናንተ መንገድ ላይ አራት ፀጉር ቤት ካለ ለእናንተ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ለዚያ ቦታውን ቆማችሁ የሚያልፈውን ሰው ቁጠሩ።

ግምቱን አንድ ጊዜ ሠርቶ መደርደሪያ ላይ መተው። የትምህርት ምዝገባው መስከረም መጨረሻ ላይ ይታወቃል፣ የመብራትና የውሃ ደንበኛ ቁጥርም በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሰኔ ላይ ይዘጋል። ሁለቱ እጃችሁ ሲገቡ፣ ጥቅምት ላይ፣ የደረጃ 2ን ዕድገት ብቻ አድሳችሁ የደረጃ 6ን ሠንጠረዥ እንደገና አስሉ፤ የእግር ቆጠራውን በየሦስት ዓመቱ መድገም ይበቃል።